ይሄ አረንጓዴ ድንጋይ ምንድን ነው? ስለ አረንጓዴ ክሪስታሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድንጋይ እንደምሰበስብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከኪሱ የሆነ ነገር ያወጣል። በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ሲፈታው አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ «መረግድ ነው አይደል?» አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቱርማሊን፣ አፓታይት፣ ፍሎራይት፣ አለዚያም የጠርሙስ ስባሪ ሆኖ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ከመመለስ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ባለ ነገር፣ ድንጋዩንም ሳትጎዱ፣ ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል።

መረግድና ኤመራልድ አንድ ናቸው?

አዎ፣ አንድ ናቸው። ራእይ 4፥3 ላይ በዙፋኑ ዙሪያ ያለው ቀስተ ደመና የተመሰለበት መረግድ ገበያው ዛሬ ኤመራልድ የሚለው ነው። ማዕድኑ ቤሪል ይባላል። ቤሪል ሰማያዊ ሲሆን አኳማሪን፣ ሮዝ ሲሆን ሞርጋናይት ይሉታል፤ በክሮሚየም ወይም በቫናዲየም አረንጓዴ ሲሆን ደግሞ መረግድ ነው። በብረት ብቻ ፈዘዝ ብሎ የቀለመውን «አረንጓዴ ቤሪል» ይሉታል፤ ዋጋውም በጣም ያንሳል። በነገራችን ላይ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ድረስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ፣ ኢትዮጵያውያን መረግድ ከግብጽ በስተደቡብ ይኖሩ ከነበሩት ከብሌሚዎች እየገዙ ወደ ሕንድ ይወስዱ እንደነበር ጽፏል። ድንጋዩ ለእኛ የትናንት እንግዳ አይደለም።

ቀለሙን አይቼ ብቻ መለየት አልችልም?

አይቻልም። ይሄን መጀመሪያውኑ ቁርጥ አድርጌ ልናገር፤ አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ነው። ፔሪዶትን አረንጓዴ የሚያደርገው ብረት ነው። ማላካይትንና ዳዮፕቴዝን መዳብ ነው። መረግድን ክሮሚየምና ቫናዲየም። ቱርማሊን ደግሞ በብረትም፣ በክሮሚየምም፣ በቫናዲየምም አረንጓዴ መሆን ይችላል። ምክንያቱ የተለያየ ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ያው አረንጓዴ ነው።

ትልልቅ ባለሙያዎችም በዚህ ተሳስተዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዛሬ ካዛኪስታን ከምንላት አገር፣ አልቲን ቲዩቤ ከሚባል ቦታ በጣም የሚያምሩ አረንጓዴ ክሪስታሎች ወጡ። መረግድ ናቸው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1797 ፈረንሳዊው ሬኔ ጁስት ሃዩ ሌላ ማዕድን መሆኑን አሳየና ዳዮፕቴዝ ብሎ ሰየመው። ጥንካሬው (በጭረት ከ1 እስከ 10 በሚለካው በሞህስ መለኪያ) 5 ብቻ ነው፤ የመረግድ 7.5 እስከ 8 ነው። አፓታይትም ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። «ማታለል» ከሚል የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው፤ ጀርመናዊው አብርሃም ቨርነር እ.ኤ.አ. በ1786 ይህን ስም የሰጠው ሰዎች ቤሪልና ሌላ ሌላ ማዕድን እየመሰላቸው ስለሚሳሳቱበት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ የሱቅ መብራት። ቢጫ አምፖል ሥር ያየነው አረንጓዴ ደጅ ሲወጣ ሌላ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን ሁልጊዜ በቀን ብርሃን፣ ግን ጥላ ውስጥ ሆናችሁ እዩት።

ታዲያ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

እናት ዓለቱን። ክሪስታሉ ላይ ተጣብቆ የቀረ ነገር ካለ ከክሪስታሉ በፊት እሱን እዩ፤ እኔ ሌላው ምልክት ሁሉ ቢጠፋ ይሄኛው እንዳይጠፋ ነው የምመኘው።

ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ በጥፍር እንደ ወረቀት የሚላጥ ነገር ከሆነ ሚካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉጂ ዞን ሻኪሶ አካባቢ የተገኘው መረግድ የሚወጣው እንዲህ በሚካ ከተሞላ ዓለት ነው። ምክንያቱን ማወቁ ይጠቅማል። መረግድ ቤሪሊየምም ክሮሚየምም ይፈልጋል፤ ሁለቱ ግን በተፈጥሮ አንድ ሰፈር አይኖሩም። ቤሪሊየም የሚመጣው ፔግማታይት ከሚባለው፣ ትልልቅ የኳርትዝና የፌልድስፓር ቁርጥራጭ ካለበት ነጣ ያለ ዓለት ነው። ክሮሚየሙ ያለው ደግሞ ጥቁርና ከባድ በሆነ ዓለት ውስጥ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ፣ በመገናኛቸው ላይ ሚካ ይሠራል፤ መረግዱም እዚያው ይበቅላል። መረግድ ብርቅ የሆነው በዚህ ነው።

የተጣበቀው ጥቁር ባዛልት ከሆነ ፔሪዶትን ጠርጥሩ። ቦረና ውስጥ ሜጋ አካባቢ የሚገኘው ፔሪዶት እንዲህ ነው፤ ከምድር ቅርፊት በታች የነበረውን እሳተ ገሞራ ተሸክሞ ያወጣው ነው። ነጭ ኳርትዝና ፌልድስፓር ብቻ ከሆነ፣ ሚካውም ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ከሆነ፣ ቱርማሊን የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። የመዳብ ማዕድን ካለበት ቦታ ከመጣ ደግሞ ማላካይት ወይም ዳዮፕቴዝ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ስለዚህ ድንጋይ ስትገዙ ያልታጠበ፣ ያልተፈለፈለ ጠይቁ። ንጹሑ ያምራል፤ ያልታጠበው ግን ይናገራል።

መረግድና ቱርማሊንን እንዴት ልለይ?

ጥያቄው ከሁሉም በላይ የሚመጣው ይሄ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ክሪስታሉ ካልተሰበረ፣ ካልተሞረደም መለየቱ ቀላል መሆኑ ነው።

ክሪስታሉን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ከላይ ወደ ታች፣ ጫፉን እዩት። መረግድ ስድስት ጎን አለው። ጎኖቹ ልሙጥ ናቸው፤ ጫፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ ያልተሳለ እርሳስ አስቡ። ቱርማሊን ከላይ ሲታይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ግን ጎኖቹ ወደ ውጪ ያበጡ፣ ክብ ሊሆን የፈለገ ሦስት ማዕዘን። በጎኑ ላይ ደግሞ ቁመቱን ተከትለው የሚወርዱ ብዙ ጥልቅ መስመሮች አሉት። ጥፍራችሁን አግድም ብትስቡበት ክርክር ይላል። ይሄ መስመር በቱርማሊን ላይ እንደ ፊርማው ነው።

ቀጥሎ የስልካችሁን ባትሪ አብሩ። በጎኑ አሳልፋችሁ እዩ፤ ከዚያ በቁመቱ። ብዙ አረንጓዴ ቱርማሊን በጎኑ ደስ የሚል አረንጓዴ ሆኖ በቁመቱ ሲታይ ጠቁሮ ብርሃን አላሳልፍ ይላል። መረግድም በሁለቱ አቅጣጫ ትንሽ ይለያያል፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ያደላል፤ እንዲህ ግን አይጨልምም። መሐሉ ሮዝ ዳሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጫፍ አረንጓዴ ሌላው ጫፍ ሮዝ ከሆነ በቃ፣ ቱርማሊን ነው።

ስለ ቱርማሊን አንድ የምወደው ነገር አለ። ሲሞቅ ጫፎቹ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ አቧራና አመድ ይስባል። ሆላንዶች በድሮ ጊዜ «አመድ ሳቢ» ይሉት ነበር። ሞቅ ባለ መብራት ሥር የተደረደረ ቱርማሊን ከጎረቤቶቹ ቀድሞ አቧራ ይለብሳል። ለመለያነት አትተማመኑበት እንጂ ሳያችሁት ደስ ይላል።

አፓታይትም እኮ ስድስት ጎን ነው። ያ እንዴት ይሆናል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ስድስት ጎን፣ አረንጓዴ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፤ በቅርጽ የመረግድ ወንድም ይመስላል። ሦስት ነገር ይለየዋል። አንደኛ ጫፉ ብዙ ጊዜ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጠጥ ይላል፤ ጠፍጣፋ የሆነም ግን አለ። ሁለተኛ ጠርዞቹ። የአፓታይት ጥንካሬ 5 ነው፤ ስለዚህ ከሌሎች ድንጋዮች ጋር በከረጢት የከረመ አፓታይት ጠርዙ ተፈቅፍቆ፣ የቀለጠ ስኳር መስሎ ታገኙታላችሁ። ያው ከረጢት ውስጥ የከረመ መረግድ ግን ጠርዙ እንደተሳለ ነው። ሦስተኛውና ወሳኙ ክብደቱ ነው፤ አፓታይት 3.2 ገደማ ነው፤ መረግድ 2.7። አሁን ወደዚያው እንሂድ።

ክብደቱን ለክቶ መለየት ሲባል ምን ማለት ነው? ቤት ውስጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄ ይሁን። ትምህርት ቤት እፍጋት ብለው ያስተማሩን ነው። ድንጋዩ የራሱን ያህል ቦታ ከሚይዝ ውኃ ስንት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ድንጋዩን አይጭርም፣ አይሰብርም፤ ቀለምም አያታልለውም።

የሚያስፈልገው 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ የወርቅ ቤት ዓይነት፤ ትንሽ ብርጭቆ፣ ውኃና ቀጭን የስፌት ክር ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ድንጋዩን በክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ግን ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውኃ ነው። ደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ። በቃ።

ምሳሌ። ደረቁ 8.13 ግራም ነው እንበል። ውኃ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 3.00 ካለ፣ 8.13 ለ3.00 ሲካፈል 2.71 ይሆናል፤ ቤሪል ነው። ያው 8.13 ግራም የሚመዝን ቱርማሊን ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 2.65 አካባቢ ነበር የሚያነበው፤ ፔሪዶት ቢሆን 2.43 አካባቢ። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ምንም አያከራክርም።

ቁጥሮቹን በቃላችሁ መያዝ አያስፈልግም፤ ሚዛኑ ጎን ለጥፏቸው። አማዞናይት 2.56፣ ኳርትዝ 2.65፣ መረግድ 2.7 አካባቢ፣ ቱርማሊን 3.0 እስከ 3.2፣ ፍሎራይት 3.18፣ አፓታይት 3.2 ገደማ፣ ዳዮፕሳይድና ዳዮፕቴዝ 3.3 አካባቢ፣ ፔሪዶት 3.3 እስከ 3.4፣ ኤፒዶት 3.4 አካባቢ፣ ሳቮራይት የሚባለው አረንጓዴ ጋርኔት 3.6፣ ማላካይት ወደ 4።

የሚሳሳቱበት ቦታ ደግሞ አለ። ድንጋዩ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ውኃው ውስጥ ነካ ነካ አድርጋችሁ አራግፉት፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ይረዳል። እናት ዓለት ከተጣበቀበት የምትለኩት ሁለቱን ደባልቃችሁ ነው፤ አይሠራም። በጣም ትንሽ ድንጋይም አያስተማምንም። 0.27 ግራም የሆነ መረግድ ውኃ ውስጥ 0.10 ነው የሚያሳየው፤ ሚዛኑ በ0.01 ብቻ ቢዛነፍ መልሱ 2.45ም 3.00ም ሊሆን ይችላል። ከ1 ግራም በታች ከሆነ አምስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። የወሎ ኦፓልን ግን በዚህ መንገድ አትለኩት፤ ውኃ ይጠጣል።

ጭሬ ብፈትነውስ?

ባትጭሩት ይሻላል። መጀመሪያ አካባቢ አንድ የሚያምር የፔሪዶት ክሪስታል ነበረኝ፤ እርግጠኛ ለመሆን ብዬ በኳርትዝ ጫፍ ፊቱን ሳብኩት። ጭረቱ ዛሬም አለ። ባየሁት ቁጥር ያመኛል፤ ምክንያቱም ሚዛኑ ያንኑ መልስ ያለ ምንም ጉዳት ይሰጠኝ ነበር።

የግድ ከሆነ የተሰበረውን፣ ከሥር የሚውለውን፣ ማንም የማያየውን ቦታ ፈልጉ። ሴንጢ ፍሎራይትን በቀላሉ ይጭራል፤ አፓታይትንም ትንሽ ጫን ሲሉ። መረግድን፣ ቱርማሊንንና ኳርትዝን አይጭርም፤ እንዲያውም ብረቱ ራሱ ድንጋዩ ላይ ግራጫ መስመር ትቶ ያልፋል። ያንን ጭረት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ በእርጥብ ጣት አብሱት፣ ከጠፋ ብረት ነው። ደግሞ መረግድ ጠንካራ ነው ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም። ውስጡ ስንጥቅ የሞላበት ነው፤ ወድቆ ለሁለት የሚሆን መረግድ ሞልቷል።

ፔሪዶትን በምን አውቀዋለሁ?

ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፤ እንደ ወይራ ዘይት። በጣም ጥልቅ የሣር አረንጓዴ ከሆነ ፔሪዶት የመሆኑ ነገር ይቀንሳል። አብዛኛው ሙሉ ክሪስታል ሳይሆን ጠጠር ሆኖ ነው የሚገኘው።

የተሞረደ ከሆነ ደግሞ በጣም ደስ የሚል መለያ አለው። በአጉሊ መነጽር ከላይ ወደ ውስጥ እዩና ከሥር ያሉትን ጠርዞች ፈልጉ። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። ፔሪዶት ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያሳልፍ ነው። ቱርማሊንም ያደርገዋል፤ ግን ይበልጥ ጠበብ ያለ ነው፣ ትልቅ ድንጋይ ላይ ነው የሚታየው። መረግድ ላይ በአጉሊ መነጽር አይታይም። ብርጭቆ፣ ፍሎራይትና ጋርኔት ጭራሹንም የላቸውም። አንዳንድ ፔሪዶት ውስጥ በውኃ ላይ የተዘረጋ ቅጠል የሚመስል ክብ ነገር፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይዞ ታያላችሁ። እሱን ካያችሁ ጥርጣሬ አይግባችሁ።

ጠንካራ ማግኔት ካላችሁ ድንጋዩን ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ቡሽ አስቀምጡና ማግኔቱን ቀስ ብላችሁ አስጠጉ። ፔሪዶት ብረት ስላለው ቀስ እያለ ወደ ማግኔቱ ይመጣል። ብረት የበዛበት ቱርማሊንም ይመጣል። መረግድ ብዙም አይንቀሳቀስም።

ፍሎራይትስ?

ቀላሉ እሱ ነው። ኩብ ሆኖ ያድጋል፤ ሲሰበር ግን ማዕዘኖቹ በሰያፍ ልስልስ ብለው ይነሳሉ፤ ስለዚህ ስምንት ፊት ያለው፣ ሁለት ፒራሚድ የተጋጠመ የሚመስል ቁራጭ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ፍሎራይት ነው። ጥንካሬው 4 ነው።

ኤፒዶትና ዳዮፕሳይድ እንዴት ይለያሉ?

ኤፒዶት ረጅም፣ መስመር መስመር ያለው፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ስታዞሩት ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይቀየራል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰነጠቃል። ዳዮፕሳይድ ከላይ ሲታይ አራት ወይም ስምንት ጎን ነው፤ ስንጥቆቹም ወደ ቀጥ ማዕዘን በተጠጋ አቅጣጫ ይገናኛሉ። ሁለቱም ከቱርማሊን ከበድ ይላሉ። ከዚህ አልፎ ለመለየት መሣሪያ ይጠይቃል።

አረንጓዴ ኳርትዝ ከመረግድ ጋር በክብደት ይቀራረባል ብለሃል። ታዲያ?

ትክክል፤ 2.65ና 2.7 በቤት ሚዛን አያስተማምኑም። ቅርጹን እዩ። ኳርትዝ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ጎኑ ላይ ያሉት መስመሮችም አግድም ናቸው። መረግድ ጠፍጣፋ ነው፤ መስመር ካለውም በቁመቱ ነው። ገበያ ላይ ያለው ፈዛዛ አረንጓዴ ኳርትዝ አብዛኛው ደግሞ በሙቀት ወይም በጨረር ቀለሙ የተለወጠ ነው።

ብርጭቆ ወይም የተሠራ ቢሆንስ?

በአጉሊ መነጽር ክብ አረፋ ፈልጉ። ክብ አረፋና እንደ ማር የተጥመለመለ መስመር ካለ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ እጅ ላይ ቶሎ ይሞቃል፤ ክሪስታል ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። ስብራቱ እንደ ጠርሙስ ስባሪ፣ እንደ ባልጩትም ጎድጎድ ያለ ነው፤ ይሄኛውን ግን ኳርትዝም ስለሚያደርገው ለብቻው አይበቃም። እንከን የሌለው፣ ጥርት ያለ፣ ትልቅና ርካሽ መረግድ ከቀረበላችሁ ቆም በሉ። የተፈጥሮ መረግድ ውስጡ ሚካ፣ ስንጥቅ፣ ደመና የሚመስል ነገር ሁሉ አለው።

ከዚህ የከፋው እናት ዓለት ላይ የተለጠፈው ነው። የተቀባ ኳርትዝ ወይም ብርጭቆ እውነተኛ የሚካ ዓለት ውስጥ ይጣበቅና፣ ዙሪያው በሚካ ዱቄትና በሙጫ ይሞላል። ለአዲስ ሰብሳቢ ይሄን ማየት ያስቸግራል፤ አንዴ ካወቁት በኋላ ግን ያስታውቃል። ክሪስታሉና ዓለቱ የሚገናኙበትን መስመር በአጉሊ መነጽር ዙሩት። ተፈጥሮ ከሆነ ሚካው ክሪስታሉ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ሙጫ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ጠርዝ፣ ትንንሽ አረፋ፣ በመርፌ ጫፍ ሲነኩት የሚለጠጥ ነገር አለ። አሴቶን የነካ ጥጥ ሙጫውንና ቀለሙን ይፈታዋል፤ ግን እውነተኛ መረግድ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ በዘይት ወይም በሬዚን ስለሚሞላ አሴቶኑ ያንንም ሊያወጣው ይችላል። የራሳችሁ ካልሆነ አትንኩት።

በላቦራቶሪ የተሠራ መረግድ ሌላ ጉዳይ ነው። ያ እውነተኛ ቤሪል ነው፤ ሚዛኑም ቅርጹም አይለየውም። የተሞረደና ዋጋው የሚያስጨንቅ ከሆነ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ።

የብር ኖት መፈተሻ ሐምራዊ መብራት ይረዳል?

ትንሽ። ፍሎራይት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ያበራል፤ ይህ ክስተት በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ስም ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ከፍሎራይት ወስዶ ነው የሰጠው። ሁሉም ፍሎራይት ግን አያበራም። ፔሪዶት አያበራም፤ ብረቱ ይከለክለዋል። መረግድም አብዛኛው እንደዚያው ነው።

ቼልሲ ፊልተር ስለሚባለው፣ ድንጋይ አሳልፈው ስለሚያዩበት ባለ ቀለም መስታወትም የሚጠይቁኝ አሉ። ክሮሚየም ያለበት መረግድ በዚያ ሲታይ ቀይ ይመስላል። ግን ብረት የበዛበት መረግድ አረንጓዴ እንደሆነ ሊቀር ይችላል፤ በላቦራቶሪ የተሠራው ደግሞ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ «ቀይ ሆነ፣ እውነተኛ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ።

አደገኛ የሆነ አረንጓዴ አለ?

አለ፤ እባካችሁ ይሄን በደንብ አንብቡት። ቶርበርናይት የሚባል ደማቅ አረንጓዴ፣ እንደ ካሬ ቅጠል ስስ ሆኖ የተደራረበ ማዕድን አለ። ውስጡ ዩራኒየም ነው። ኦቱናይት ወንድሙ ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላል፤ በሐምራዊ መብራት ኃይለኛ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል። ጨረር አላቸው፤ ራዶን የተባለውን ጋዝም ይለቃሉ። መኝታ ቤት፣ የልጆች ክፍል፣ የታፈነ ቁም ሳጥን ውስጥ አይቀመጡም። ነክታችሁ ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ።

እንደ ጥጥ ክር እየተበጣጠሰ የሚወጣ አረንጓዴ ካያችሁ አትፈትጉት፣ አትንፉበትም፤ አክቲኖላይት በክር መልክ ሲሆን የአስቤስቶስ ዓይነት ነው። መረግድ ራሱ ሙሉውን ቢያዝ ምንም አያደርግም፤ ደረቁን ሲሞርዱት የሚወጣው አቧራ ግን ቤሪሊየም አለው፤ ለሳንባ መጥፎ ነው። የሚሞርድ ሰው ሁልጊዜ በውኃ ይሥራ። የማላካይት አቧራም አይተነፈስም።

በአቼቶ ልጠበው?

አትጠቡት። ማላካይት በአሲድ ይፈላል፤ ይበላሻል። አፓታይትም አሲድ ይጎዳዋል። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። መረግድን በሚያንቀጠቅጠው የጌጣጌጥ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት።

ሁሉንም ሞክሬ አሁንም ካላወቅኩትስ? መለያው ላይ ምን ልጻፍ?

ያወቃችሁትን ብቻ። ብዙ ሰው ስሙን ለመጻፍ ቸኩሎ የመጣበትን ቦታ ይረሳል። ስሙ በኋላ ሊገኝ ይችላል፤ ቦታው ግን ከሻጩ አፍ ካልተጻፈ ለዘላለም ጠፋ። ከማን እንደተገዛ፣ መቼ፣ የቱ ወረዳ፣ ከምን ዓለት ጋር እንደነበረ በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይጠፋል። የድሮ መለያ ካለው፣ ስህተት ቢሆንም እንኳ፣ አትጣሉት፤ አዲሱን ከጎኑ አድርጉ።

እኔ ጋ ዛሬም አንድ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አለ። ወረቀቱ ላይ «አረንጓዴ፣ ስድስት ጎን፣ ጠርዙ የተፈቀፈቀ፣ 6.40 ግራም፣ እፍጋት 3.19፣ አፓታይት ሳይሆን አይቀርም» ይላል። «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን አልሰረዝኩትም።